ሽምግልና ከስትሮክ በኋላ

ስትሮክ የመታውን ሰው ነፍሱን የሚያተርፈው ሐኪም ነው። የቀረውን ዕድሜ እንዴት እንደሚኖረው የሚወስነው ግን በአብዛኛው ቤተሰቡ ነው። እኛ ይህን የተማርነው ተሳስተን ነው። እናንተ ሳትሳሳቱ ብታውቁት ይሻላል ብዬ ጻፍኩት።

ዛሪማን የምታውቋት በመኪና ስታልፉ ይሆናል። ከጎንደር ተነስታችሁ ደባርቅን ካለፋችሁ በኋላ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተጠረገውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ትወርዳላችሁ። የደጋው ብርድ ከኋላ ይቀርና የቆላው ሙቀት በመስኮት ይገባል። ወደ አዲ አርቃይ ስታመሩ የምታገኟት ትንሽ ከተማ ናት። አባቴ ከ30 ዓመት በላይ አስተምረው ጡረታ ወጥተው የሚኖሩት እዚያ ነው። በከተማዋ "መምህር" የማይላቸው የለም። ጎረቤታሞች በድንበር ሲጣሉ፣ ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ ለቀበሌ ማመልከቻ የሚጽፍ ሲታጣ የሚኬደው እሳቸው ዘንድ ነው።

አንድ ጠዋት እናቴ ቡና አፍልታ ብትጠራቸው መልስ አጣች። ገብታ ስታያቸው አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣሟል፤ ቀኝ እጃቸው እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ሊያናግሯት ሞከሩ፤ የወጣው ድምፅ ግን ቃል አልነበረም። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ "ምች ነው" ብሎ ዳማከሴ ጨምቆ አመጣ። ሌላው "ትንሽ ይረፉ፣ ይለቃቸዋል" አለ። ጎንደር ላለሁት ለእኔ ሲደወል ረፋድ ሆኗል። መኪና ተፈልጎ፣ ሊማሊሞ ተወጥቶ፣ ደባርቅ ታልፎ ጎንደር ሲደርሱ መሽቶ ነበር።

ማንም ክፉ አላሰበም። ሁሉም የሚችለውን አደረገ። ግን ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገንን ነገር፣ ሰዓቱን፣ አባከንነው።

ሰዓቱን ያዙ

ስትሮክ ማለት ወደ አንጎል የሚሄደው ደም በድንገት ሲቋረጥ የሚመጣ ጉዳት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የደም ሥሩ በረጋ ደም ይደፈናል። አንዳንዴ ደግሞ የደም ሥሩ ይፈነዳና ደም አንጎል ውስጥ ይፈሳል። ደም የተቋረጠበት የአንጎል ክፍል በየደቂቃው ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ ሴሎችን ያጣል። የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፤ የሚሰጠው ግን ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ያውም በሲቲ ስካን ታይቶ ደም አለመፍሰሱ ከተረጋገጠ በኋላ። የዛሪማን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። እናንተ ግን ምናልባት ሆስፒታል ከቤታችሁ 20 ደቂቃ ቢርቅ ነው። እዚያም ሆኖ "ትንሽ ይረፉ" ስለተባለ ብቻ ሰዓቱ የሚያልፍበት ቤት አለ።

ስለዚህ ሦስት ነገር አስታውሱ። ሰውየውን ፈገግ እንዲል ጠይቁት፤ አንዱ የፊቱ ጎን ከወደቀ ልብ በሉ። ሁለት እጁን እንዲያነሳ ንገሩት፤ አንዱ ካልተነሳ ወይም ቀስ እያለ ከወረደ ልብ በሉ። አንድ አጭር ነገር እንዲናገር አድርጉት፤ ከተኮላተፈ ወይም ቃል ከጠፋው ልብ በሉ። ከሦስቱ አንዱ በድንገት ከታየ ምች ይሁን ሌላ አትከራከሩ፤ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ሰውየው ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየበትን ሰዓት ያዙ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ውሃም ሆነ ጭማቂ አታጠጡት፤ መዋጥ ካቃተው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። አስፕሪንም በራሳችሁ አትስጡ፤ ችግሩ የፈሰሰ ደም ከሆነ ያባብሰዋል። ምልክቱ በደቂቃዎች ውስጥ ቢጠፋም "ለቀቀው" ብላችሁ አትመለሱ። እንዲህ መጥቶ የሚሄድ ምልክት ብዙ ጊዜ የትልቁ ማስጠንቀቂያ ነው።

በደግነት የታሰረ እጅ

አባቴ ከሆስፒታል ሲወጡ በሕይወት መኖራቸው ብቻ በቂያችን ነበር። ሁለት ወር ጎንደር እኔ ቤት አሳረፍናቸው። እናቴ ታጎርሳቸዋለች፤ እኔ ልብስ አለብሳቸዋለሁ፤ እህቴ ፊታቸውን ታጥባቸዋለች። አንድ ቃል ሊያወጡ ሲታገሉ እኛ ቀድመን እንጨርስላቸዋለን። ጠያቂ ሲመጣ "ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን" የምንለው እኛ ነን፤ እሳቸው እዚያው ተቀምጠው። ያየን ሁሉ "ተባረኩ፣ እንዲህ ነው ልጅ" ይለናል። እኛም ደስ ይለናል።

በሦስተኛው ሳምንት እናቴ ልታጎርሳቸው ስትል ማንኪያውን በግራ እጃቸው መትተው ጣሉት። ከዚያ አለቀሱ። አባቴ ሲያለቅሱ ያየሁት የወንድማቸው ቀብር ላይ ብቻ ነበር።

ይህንን ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ነገርኩት። ስለ ማንኪያው ምንም አላለኝም። "ቀኝ እጃቸው በቀን ውስጥ ምን ሥራ አለው?" ብሎ ጠየቀኝ። አሰብኩ። ምንም ሥራ የለውም። "ታዲያ ሥራ የሌለው እጅ ለምን ብሎ ይነሳል?" አለኝ።

ነገሩ የስንፍና ወይም የተስፋ መቁረጥ ጉዳይ አይደለም። የሞተው የአንጎል ክፍል አይመለስም፤ በአጠገቡ ያለው ደህና ክፍል ግን ሥራውን ሊለምደው ይችላል። የሚለምደው በድግግሞሽ ነው፤ አሥር ጊዜ ሳይሆን መቶ ጊዜ፣ በየቀኑ። በተቃራኒው የማይሠራበትን እጅ አንጎል ቀስ በቀስ ይረሳዋል። ለውጡ በብዛት የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው፤ ከዚያም በኋላ አይቆምም፤ ፍጥነቱ ነው የሚቀንሰው። እኛ ከእነዚያ ውድ ሳምንታት ሦስቱን በማጉረስ አሳለፍናቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ተቀየረ። እናቴ ቡና ስትለቅም ትሪውን አባቴ ፊት ታስቀምጠዋለች። መጀመሪያ "የሴት ሥራ" ብለው ፊታቸውን አዞሩ፤ መናገር ባይችሉም አኳኋናቸው ይናገራል። እናቴ ግን "የሐኪም ትእዛዝ ነው" ብላ ጥላቸው ወጣች። አንዲት ፍሬ ለማንሳት ብዙ ደቂቃ ፈጀባቸው። በሳምንቱ አንድ እፍኝ ለቀሙ። ቡናው የሚፈላው ዘግይቶ ሆነ፤ ግን ጠጣነው።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ሰው ካለ ውድ መሣሪያ አትፈልጉ። ምስር መልቀም፣ የውሃ ፕላስቲክ መክፈትና መዝጋት፣ ነጠላ ማጠፍ፣ ጠረጴዛ መጥረግ ሁሉም ሕክምና ነው። ስታለብሱ የደከመውን እጅ አስቀድሙ፤ ስታወልቁ በመጨረሻ አውጡት። ከወንበር ስታነሱ በደከመው እጅ አትጎትቱ፤ ትከሻው በቀላሉ ከቦታው ይለቃል። ምርኩዙ በደህናው እጅ ይያዝ። ምግብ የሚበላው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ በትንሽ በትንሹ ይሁን፤ እየበላ የሚያስለው ከሆነ ለሐኪም ንገሩ። የሚያንሸራትት ምንጣፍ አንሱ፤ ሌሊት ወደ መጸዳጃ የሚወስደው መንገድ መብራት ይኑረው፤ መጸዳጃው አጠገብ የሚይዙት ነገር ግድግዳ ላይ አስመቱ። ከሁሉም የሚከብደውን ደግሞ ለራሴም እነግረዋለሁ፦ ሸሚዙን በ15 ደቂቃ የሚቆልፍ ሰው እያያችሁ እጃችሁን ወደ ኋላ አድርጋችሁ ቁሙ።

ቃል የጠፋበት ሽማግሌ

በእኛ አገር እርጅና ሲመጣ ጉልበት እንደሚሄድ ሁሉም ያውቃል። በምትኩ የሚመጣው ቃል ነው። ሽማግሌ የሚባለው ሲናገር የሚሰማ፣ ሲመርቅ "አሜን" የሚባልለት፣ ሲያስታርቅ የሚታመን ሰው ነው። አባቴን ስትሮኩ የመታቸው በግራው የአንጎል ክፍል ነው። በአብዛኛው ሰው ዘንድ የቋንቋ ቦታ ያለው እዚያ ነው። ስለዚህ ከእግራቸው ይልቅ ያጡት ያንን ነበር፤ ሲያረጁ ሊኖሩበት ያስቀመጡትን።

ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ቃል የጠፋበት ሰው አእምሮው የጠፋበት ይመስለናል። ድምፃችንን ከፍ እናደርጋለን፤ ደንቆሮ ግን አይደለም። እንደ ሕፃን እናባብለዋለን፤ ሕፃን ግን አይደለም። በፊቱ ስለ እሱ እናወራለን፤ እሱ ግን አብዛኛውን ይሰማል፣ ይገባዋል። የሚሻለው አጭር ዓረፍተ ነገር መናገር፣ በ"አዎ" ወይም "አይ" የሚመለስ ጥያቄ መጠየቅ፣ ከዚያ መጠበቅ ነው። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይዘጋ። በእጅ ማሳየትም፣ መሳልም፣ በዓይን መጠቆምም ንግግር ነው።

አንድ ነገር ግን ሁላችንንም አስደነገጠን። "ውሃ" ማለት ያቃታቸው አባቴ፣ አንድ ማታ እናቴ አቡነ ዘበሰማያትን ስትጀምር አብረዋት ተከተሉ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳይሰበሩ። እናቴ ተአምር ነው ብላ እልል አለች። ባለሙያዎቹ ሲያስረዱን ብዙ ዓመት የተደጋገመ ጸሎት፣ መዝሙር፣ ቁጥር፣ የሳምንቱ ቀናት ስም ከዕለት ንግግር በተለየ መንገድ ስለሚወጡ ብዙ ጊዜ ሳይጎዱ ይቀራሉ። እናቴን ይህ ማብራሪያ ብዙም አልለወጣትም። እኔን ግን አንድ ነገር አስታወሰኝ። አባቴ ከጸሎት ቀጥሎ በሕይወታቸው በጣም የደጋገሙት ምንድን ነው? ፊደል። የእህቴን ልጅ የፊደል ገበታ አምጥተን ጭናቸው ላይ አደረግን። "ሀ" ብሎ ልጁ ሲጀምር፣ እሳቸው ረድፉን ሙሉ ጨረሱለት። ከዚያ ቀን ወዲህ በየማታው ሁለቱ አብረው ይማራሉ። አንዱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አንዱ ለሁለተኛ ጊዜ።

ከቤተ መንግሥትም አልቀረ

ይህ ሕመም በታሪካችን ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። ዐፄ ምኒልክን በጥቅምት 1902 ዓ.ም ከባድ ስትሮክ ሲመታቸው ዕድሜያቸው 65 ነበር። ሰውነታቸው ሽባ ሆነ፤ ንግግራቸው ተዘጋ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም እስካረፉበት ድረስ አራት ዓመት ያህል በሕመም አልጋ ላይ ቆዩ። በዙሪያቸው የሥልጣን ሽኩቻ በረታ፤ ዕረፍታቸው እንኳ ለሕዝብ ሳይነገር ለረጅም ጊዜ ተደብቆ ቆየ።

እቴጌ ጣይቱ ብጡል በአባታቸው በኩል የእኛው የሰሜን ባላባቶች ዘር ናቸው። መጀመሪያ መንግሥቱንም ሕመምተኛውንም አንድ ላይ ይዘው ነበር። በመጋቢት 1902 ዓ.ም ከመንግሥት ሥራ ሲገለሉ የቀረላቸው ባላቸውን ማስታመም ነበር፤ እስከ መጨረሻው አስታመሙ። የዓድዋን ድል ያገኙ ንጉሠ ነገሥት እንኳ በዚያ ዘመን ከጸሎትና ከማስታመም ውጪ ብዙ የሚደረግላቸው አልነበረም። የደም ግፊት መለካት ያኔ ገና ጀማሪ ነገር ነበር፤ የአንጎልን ውስጥ የሚያሳይ መሣሪያ ደግሞ አልተፈጠረም። ዛሬ ግፊታችሁን ጤና ጣቢያ ገብታችሁ በደቂቃ ታውቁታላችሁ። በ1947 ዓ.ም በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት የተመሠረተው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። ንጉሡ ያላገኙትን አንድ የዛሪማ መምህር አግኝቷል። የእኛ ጥፋት የሚሆነው ያለውን ሳንጠቀምበት ስንቀር ነው።

ክኒኑ፣ ጨውና ጸበሉ

አባቴ ግፊት እንዳለባቸው ከስትሮኩ ከሦስት ዓመት በፊት ተነግሯቸው ነበር። ክኒኑን ወሰዱ፤ ደህና ሲሆኑ ተዉት። "አልታመምኩም እኮ" ይሉ ነበር። የደም ግፊት ክፋቱ ይኸው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አያምም። መለኪያው 140 በ90 እና ከዚያ በላይ በተደጋጋሚ ካሳየ ሰውየው ደህና ቢመስለውም በሽተኛ ነው። ክኒኑ የሚወሰደው ግፊቱን ወደ ታች ይዞ ለማቆየት ነው፤ ስለዚህ "ተሻለኝ" ተብሎ አይቆምም። አንዴ ስትሮክ የመታው ሰው ደግሞ ዳግም የመመታት ዕድሉ ከሌላው ሰው ከፍ ያለ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ማለት ነው። ሽሮው ሲፈጭ የገባውን፣ በርበሬው ውስጥ ያለውን፣ ወጡ ላይ የተጨመረውን፣ ዳቦው ላይ ያለውን ደምሩትና ቤታችሁን ፈትሹ። እኛ ቤት የአባቴን ሳህን ለይተን ጨው መቀነስ ሞከርን፤ አልሆነም። ገበታችን አንድ ስለሆነ የሁላችንም ጨው ቀነሰ። አሁን እኔ ራሴ ሆቴል ስበላ ጨው ይበዛብኛል።

ጸበልን በተመለከተ አባቴ ሄደዋል፤ ወደፊትም ይሄዳሉ። ክኒናቸውን ግን ይዘው ነው። የንስሐ አባታቸው "መድኃኒቱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው" ባሏቸው ጊዜ ክርክሩ አለቀ። ጾም ላይም እንዲሁ፦ መቼ፣ ምን በልተው ክኒን እንደሚውጡ ከሐኪሙም ከንስሐ አባታቸውም ጋር አስቀድመን ተነጋገርን። እናንተም ተነጋገሩ፤ በሽተኛው በድብቅ መርጦ አንዱን እንዳይተው።

የሚያስታምመውስ?

ከስትሮክ ከተረፉት መካከል ከሦስቱ አንዱ ገደማ የመንፈስ ጭንቀት ይይዘዋል። አንዳንዱ ያለ ምክንያት ያለቅሳል ወይም ይስቃል፤ ይህም የአንጎሉ ጉዳት የሚያመጣው ነገር ነው። ምግብ ከጠላ፣ እንቅልፍ ካጣ፣ ልምምዱን እምቢ ካለ "ግትር ሆነ" አትበሉ፤ ለሐኪም ንገሩ፤ ይታከማል።

ስለ እናቴ ግን ማንም አልጠየቀም። ጠያቂው ሁሉ ገብቶ "መምህር እንዴት ናቸው?" ይላል፤ በሽተኛውን የሚያነሳና የሚያስተኛ ወገብ ግን የእሷ ነው። አንድ ቀን ወጥ ቤት ቁጭ ብላ እንቅልፍ ወስዷት ምጣዱ ሲጨስ አገኘኋት። ከዚያ ወዲህ ተራ አወጣን። ቅዳሜ የወንድሜ ነው፤ እሑድ የእኔ። እሷ ሰንበቴዋን፣ ማኅበሯን ትሄዳለች። በሽተኛ ስትጠይቁ ብርቱካን ከመግዛት ይልቅ "ዛሬ ሁለት ሰዓት እኔ እቀመጣለሁ፣ አንቺ ውጪ" ብትሉ ይበልጣል።

ከሽማግሌ ምን እንፈልጋለን?

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ማስታወቂያ ስናዘጋጅ ሽማግሌ የምናስገባው መቼ እንደሆነ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፦ በዓል ሲደርስ፣ ነጭ ለብሶ፣ እንዲመርቅ። ሲንቀጠቀጥ፣ ሲዘገይ፣ ቃል ሲያጣ አናሳየውም። ግን ስትሮክ እንደ እንግዳ ነገር የምናየው ሕመም አይደለም፤ የዓለም የስትሮክ ድርጅት እንደሚለው ከ25 ዓመት በላይ ከሆነን ሰዎች መካከል ከአራታችን አንዳችንን በሕይወት ዘመናችን ያገኘናል። ስለዚህ ስለ አባቶቻችን ስናወራ ስለ ራሳችንም ነው። ስንዘገይ የሚጠብቀን ቤት ይኖረን ይሆን? መልሱን የሚያዩት አሁን ከአያታቸው ጋር ስንሆን የሚያዩን ልጆቻችን ናቸው።

አባቴ ከሁለት ወር በኋላ ዛሪማ ተመለሱ። በምርኩዝ ይሄዳሉ፤ ቀኝ እጃቸው ኩባያ ይይዛል፣ ብዕር ግን ገና አይይዝም። ቃላቸው ጥቂት ነው፤ የምትመጣውም ታግላ ነው።

ባለፈው ስሄድ ሁለት ጎረቤታሞች በድንበር ተጣልተው በር ላይ ቆመዋል። ልማዳቸው ነው የመጡት፤ ግን መግባቱን ፈሩ። ወንድሜ "አባባ አሁን አይችልም" ሊላቸው አፉን ሲከፍት እናቴ ቀደመችው፤ "ግቡ" አለቻቸው። አባቴ ሁለቱንም እስከ መጨረሻው ሰሙ። ድሮ ቢሆን መሐል ገብተው ይመክሩ ነበር። አሁን መሐል መግባት አይችሉምና ሰዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ አንዱ ሌላውን ሳይቋረጥ አደመጠው። ከዚያ ሁላችንም ጠበቅን። አባቴ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ቆመ፤ እንደገና ተንቀሳቀሰ። ማንም አልጨረሰላቸውም።

"ልጆ... ልጆቻችሁ" አሉ።

ሌላ አልጨመሩም። ጠቡ በዚያ ቀን አላለቀም። በሳምንቱ ግን ሁለቱ ሰዎች ተመልሰው እንደመጡ እናቴ ደውላ ነገረችኝ። የመጡት አባቴ ዘንድ ነው።